ስልኩ «ፎቶ» ብቻ የሚላቸው ደንበኞች፦ ድረ ገጽና አፕን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች

ደሴ ላይ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ ሲያወጣ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በስልክ ፎቶ ይነሳና ቴሌግራም ቻናል ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ «ማስታወቂያ» የምትል ቃል ትጻፋለች። አንዳንዴ እሷም የለችም። ለሚያይ ሰው ምንም አይደል። ስልኩን በድምጽ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ግን የሚሰማው «ፎቶ» የሚል ብቻ ነው።

ስለዚህ መመሪያዬን ከኮድ አልጀምርም። በእኛ ከተሞች ትልቁ እንቅፋት ያለው ፕሮግራመሩ ጋ አይመስለኝም። ጸሐፊዋ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ በየቀኑ የሚለጥፉት ነገር ላይ ነው። የፕሮግራመሩም ተራ ይደርሳል።

ሥራው የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድና ሕንፃን ብቻ ሳይሆን መረጃንና የመገናኛ ቴክኖሎጂንም በስም ጠርቶ ያነሳል። ስለ ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አካል ጉዳተኛ ሥራ ፈላጊ እንዳይገለል ይጠብቃል። የቅጥር ፎርማችሁ ዓይነ ስውር ሊሞላው የማይችል ከሆነ ነገሩ እዚህ ጋ ይነካችኋል። ከሕጉ በላይ ግን የደሴ ዳገት አለ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ለአንድ ፊርማ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ እንዲመጣ ከማድረግ ፎርሙ ስልኩ ላይ ቢሠራለት ይሻላል።

1. ያላችሁን ሁሉ መዝግቡ

«ድረ ገጽ የለንም» የሚል ድርጅት ብዙ ነው። ቴሌግራም ቻናል ግን አለው፣ ፌስቡክ ገጽ አለው፣ የጉግል ፎርም አለው፣ ለደንበኛ የሚላክ ኤስኤምኤስ አለው፣ ቲክቶክም አይጠፋም። ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ቀጥሎ ሰው ወደ እናንተ የሚመጣበትን ዋና ጉዳይ ለዩ። ኮሌጅ ከሆናችሁ ምዝገባ፣ ክፍያና ውጤት ነው። ክሊኒክ ከሆናችሁ ቀጠሮና የሥራ ሰዓት። ብድርና ቁጠባ ከሆናችሁ ቀሪ ሂሳብና የብድር ማመልከቻ። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይህ መንገድ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ የሥራ አስኪያጁ መልእክትና ፎቶ ያለበት ስለሆነ ሁሉም ይጓጓለታል፤ ግን ይቆይ።

2. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት

ከዚህ በፊት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ ይህን አድርጉ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ቶክባክ ግቡ፤ የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር እሱ ነው። ከማብራታችሁ በፊት ግን የሁለቱን የድምጽ ቁልፎች አቋራጭ አብሩ። ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ስትይዙ ቶክባክ ይበራል፣ እንደገና ስትይዙ ይጠፋል። ይህን ሳያውቅ አብርቶ «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጠጋኝ የሚሮጥ ሰው አይጠፋም።

ሲበራ ስልኩ ጸባዩ ይቀየራል። አንድ ጊዜ መንካት መምረጥ ብቻ ይሆናል፤ ለመክፈት አከታትሎ ሁለቴ መንካት ነው። ወደ ቀኝ ጠረግ ስታደርጉ ወደሚቀጥለው ነገር ይሄዳል። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ ሁለት ጣት ይጠቅማል።

የአማርኛው ነገር ለብቻው ይታይ። የስልኩ የንባብ ድምጽ እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ አማርኛ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያልፋል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ ድምጽ አማርኛ ያነባል። ሮቦት ሮቦት ይላል፣ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይከብደዋል፤ የለመዱት ሰዎች ግን እኛ ልንከተለው በማንችለው ፍጥነት ነው የሚያዳምጡት። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ጫኑ። ነጻ ነው፣ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፣ ኢስፒክንም ይዞት ይመጣል።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በራሳችሁ አፕ አንድ ምዝገባ ጨርሱ። «በተን፣ በተን፣ በተን» እያለ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ቁልፎቹ ስም የላቸውም ማለት ነው። የት እንደተያዛችሁ ጻፉ። የሥራ ዝርዝራችሁ የሚወጣው ከዚሁ ነው።

3. የደብዳቤውን ፎቶ አስተካክሉ

ከሁሉም ቀላሉ፣ ከሁሉም ብዙ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት ዎርድ ላይ ነበር። ፋይሉ አሁንም ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አለ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ፖስቱ ላይ ለጥፉት። ፎቶውም ይኑር፤ ሰው ማኅተሙን ማየት ይፈልጋል። ጽሑፉ ለንባብ፣ ፎቶው ለማስረጃ ይሆናል። በዚያ ላይ ፍለጋም ይሠራል፤ ከሦስት ወር በኋላ «የምዝገባ ቀን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል።

ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው 1024 ፊደል ድረስ ነው። ደብዳቤው ከዚያ ከረዘመ ጽሑፉን ራሱን ችሎ ላኩትና ፎቶውን ለእሱ መልስ አድርጋችሁ አስከትሉ። ፌስቡክ ላይ ለፎቶው መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እሱን ተጠቀሙበት።

አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ጽሑፉ ኮፒ ሲደረግ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ከወጣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አመዘጋገብ) ባልሆነ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። የአማርኛ መልክ ያለው ፎንቱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ላቲን ነው። ስክሪን ሪደርም የሚያነበው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እስከ ዛሬ በድሮው የሚጽፍ ቢሮ ግን አለ። መለያው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ኒያላ አድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ጤነኛ ነው። ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ በዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ወይም በፓወር ግዕዝ የዩኒኮድ አሠራር ይጻፍ። ጸሐፊዋ ለዓመታት የለመደችውን ኪቦርድ መቀየር ይከብዳታል። ጊዜ ስጧት፣ አትጨቅጭቋት።

ፒዲኤፍም እንደዚያው ነው። በማውስ ጽሑፉን ለመምረጥ ሞክሩ። ካልተመረጠ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው። ከዎርድ በቀጥታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» ያድርጉት፤ አርእስቶቹም በዎርድ የሄዲንግ ስታይል ይሠሩ።

ለሌሎች ፎቶዎች መግለጫ ስትጽፉ ፎቶው ለምን እዚያ እንደተቀመጠ አስቡ። «ምስል 1» አይረዳም። «ውብና ማራኪ ግቢያችን» ደግሞ ማስታወቂያ ነው። «የክሊኒኩ መግቢያ፤ ሦስት ደረጃ አለው፣ በስተቀኝ በኩል የዊልቸር መወጣጫ አለ» ቢባል ግን ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ያቅዳል። የካርታ ምስል ካላችሁ አቅጣጫውን በጽሑፍም ጻፉ፦ ታክሲ የት እንደሚወርዱ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍት እንዳለው ወይም እንደሌለው።

4. ፎርሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ፎርም ላይ ነው ሰው የሚቀረው። አንድ ጊዜ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከጎኔ ተቀምጠው የምዝገባ ፎርም ሲሞሉ አይቻለሁ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አያዩም፣ ስልኩን ግን እንደ ወጣት ነው የሚነዱት። ስማቸውን ሞሉ፣ አለፉ። ቀጣዩ ሳጥን ላይ ስልኩ «የጽሑፍ ሳጥን» አለ። ሌላ ምንም አላለም።

«ልጄ፣ እዚህ ምን በሉ ነው የሚለኝ?»

«ስልክ ቁጥር ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አይልም?»

ስክሪኑ ላይ የስልክ ሥዕል ብቻ ነበር፣ የምታውቋት ትንሿ ቀፎ። ቁጥሩን ጻፉ፣ «ላክ» አሉ። ሳጥኑ ዙሪያው ቀይ ሆነ። ስልኩ ዝም። ደግመው ላክ አሉ። ዝም። ስህተቱ ቁጥራቸው በ07 መጀመሩ ነበር፤ ፎርሙ የሚያውቀው 09ን ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ ዓይን ላለውም ችግር ነው። ከሳፋሪኮም መምጣት በኋላ 07 የያዘ ደንበኛ በየቤቱ አለ።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን ከላዩ በቃል የተጻፈ፣ ከሳጥኑም ጋር በኮድ የተሳሰረ ስም ይኑረው። ሳጥኑ ውስጥ በግራጫ ተጽፎ መጻፍ ስትጀምሩ የሚጠፋው ጽሑፍ ስም አይተካም፤ የመርሳት ችግር ያለበት ሰው መሃል ላይ ምን እንደሚሞላ ይጠፋበታል። ስህተት ሲኖር «ስህተት!» ብቻ አትበሉ። «ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ ይሁን፣ በ09 ወይም በ07 ይጀምር» በሉ፤ መልእክቱም ስክሪን ሪደሩ ወዲያው እንዲያነበው ይደረግ። የሞላው ነገር ደግሞ አይጥፋ። ሃያ ሳጥን ሞልቶ በአንዱ ስህተት ሁሉም ባዶ ሲሆን ማንም ይናደዳል። በአንድ ጣት ለሚጽፍ ሰው ግን ግማሽ ቀን ነው።

ስም ላይ «የመጀመሪያ ስም፣ የመጨረሻ ስም» ብላችሁ የፈረንጅ ፎርም አትቅዱ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይበቃል። ቀን ላይ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ወር በወር ወደ ኋላ እየተገፋ የሚሄድ ካላንደር ላይ በ1952 የተወለደ ሰው ልደቱን እስኪያገኝ ሲገፋ ይውላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በቁጥር የሚጻፍበት ሦስት ሳጥን ይሻላል። ሰዓትም እንዲሁ፦ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ከ9፡00 ይልቅ አያሳስትም።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ ሥዕል የሚያስመርጠውን ነገር አንሱት። በኤስኤምኤስ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር ኮፒ ተደርጎ መለጠፍ ይቻል፣ ጊዜውም አይጠር። በቶክባክ መልእክቱን ከፍቶ፣ አዳምጦ፣ ወደ አፑ ተመልሶ መጻፍ ጊዜ ይወስዳል። ኔትወርኩም ታውቁታላችሁ።

5. ቀለም፣ መጠን፣ ቁልፍ

ድረ ገጽና አፕ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆናቸው የሚለካበት ዓለም አቀፉ መለኪያ ዊካግ ይባላል። ያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው የድር ደረጃዎች ተቋም ነው፤ 2.2 የተባለው ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ደብል ኤን ያዙ፤ በየአገሩ ድርጅቶች የሚለኩበት እሱ ነው።

እሱ እንደሚለው ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት ይኑረው፣ ትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ1። ዌብኤይም የሚባለው ድርጅት ነጻ መለኪያ አለው፤ ሁለቱን ቀለም ስታስገቡ ቁጥሩን ይነግራችኋል። እዚህ ጋ የባንዲራ ቀለም የሚወድ ሁሉ ይጠንቀቅ። ነጭ ላይ ደማቅ ቢጫ ጽሑፍ 1 ለ1 ገደማ ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ደማቅ አረንጓዴ ላይ ቀይም 3 እንኳን አይሞላም፤ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰው ደግሞ የባሰ ነው። ያልተከፈለውን በቀይ ብቻ አትለዩት፤ «አልተከፈለም» የሚል ቃል ጨምሩበት።

ፊደላችን በትንንሽ እግርና ክንድ ነው የሚለያየው። ለ እና ሉን የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ ስለሚያንስ ከ16 ፒክስል አትውረዱ፣ በመስመሮች መካከልም ክፍተት ስጡ። ሰው በሁለት ጣት እንዳያሰፋ የሚከለክል ገጽ አለ፤ ያንን ክልከላ አስነሱ። ጽሑፉ እጥፍ ሲሰፋም ምንም ነገር እንዳይቆረጥ።

የሚነካ ቁልፍ በዊካግ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ነው። አንድሮይድ ግን 48 ይመክራል፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «ክፈል» እና «ሰርዝ» ተጣብቀው ሲቀመጡ ምን እንደሚገጥመው ለማንም አይጠፋም።

6. ቪዲዮና «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ»

ቪዲዮ ላይ የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይኑር። ዩቲዩብ ላይ ካፕሽኑን ራሳችሁ ጽፋችሁ ጫኑ፤ ማሽኑ የሠራውን ሳታርሙ አትተዉ። ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካላችሁ ሳጥኗ ጥግ ላይ እንደ ቴምብር ትንሽ አትሁን፤ እጅም ፊትም በደንብ መታየት አለበት። ለብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፣ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ነው። የቢሮ አማርኛ፣ «በመሆኑም ከላይ በተገለጸው አግባብ» የሚለው፣ ለማንም አይጠቅምም፤ ለእነሱ ደግሞ ግድግዳ ነው።

ከማስታወቂያው ሥር ስልክ ቁጥር ብቻ ካለ ደግሞ መስማት የተሳነውን «አንተን አይመለከትም» ብላችሁታል። የቴሌግራም አድራሻ ወይም ኤስኤምኤስ የሚቀበል ቁጥር ጨምሩ፣ የሚመልስም ሰው መድቡ። ቻናል ላይ የድምጽ መልእክት ስትለቁም ፍሬ ነገሩን ጻፉት።

7. ለፕሮግራመሩ

ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ላኩለት። የገጹ ቋንቋ ኮዱ ላይ «አማርኛ» ተብሎ ይመዝገብ። የተገዛ ቴምፕሌት ብዙ ጊዜ «እንግሊዝኛ» እንደተባለ ይቀራል፤ ያኔ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምጽ ሊያነብ ይሞክራል። አርእስት በሄዲንግ ታግ፣ ቁልፍ በበተን ታግ ይሠራ፤ በዲቭ የተሠራ ቁልፍ መልኩ እንጂ ጠባዩ ቁልፍ አይደለም። ማውሱን ንቀልና በታብ፣ በኢንተርና በስፔስ ብቻ ገጹን ጨርስ፤ የት እንዳለህ የሚያሳየውን ክፈፍ «አያምርም» ብለህ አታጥፋው። «እዚህ ይጫኑ» የሚል ሊንክ ሁሉ «የ1ኛ ዓመት ምዝገባ ፎርም» ወደሚል ይቀየር።

አፕ ከሆነ ሥዕል ብቻ ያለው ቁልፍ ሁሉ በአማርኛ ስም ይሰጠው፤ አንድሮይድ ላይ ኮንተንት ዲስክሪፕሽን፣ ፍላተር ላይ ሴማንቲክስ ነው። የጽሑፍ መጠን በኤስፒ ይሁን፣ ሰውየው ስልኩ ላይ ያሰፋውን አፑ እንዲያከብር። በአይፎን ሳይሆን ሰው በእጁ በያዘው ርካሽ ስልክ ሞክሩት። የጉግል አክሰሲቢሊቲ ስካነር ለአፕ፣ ላይትሃውስና ዌቭ ለድረ ገጽ በነጻ ይፈትሹላችኋል። ግን ማሽን የሚያገኘው ከፊሉን ነው። መግለጫ መኖሩን ያያል፣ መግለጫው ትርጉም እንዳለው አያውቅም።

«አንድ መስመር ኮድ ለጥፉ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ነገር የሚሸጥላችሁ ሰው ከመጣ በትህትና ሸኙት። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አክሰሲቢ የተባለውን እንዲህ ዓይነት ሻጭ ኩባንያ የሚሠራውን አጋኖ በማስተዋወቁ 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

8. ሰው አስቀምጣችሁ እዩ

ተስተካክሏል ስትሉ የሚጠቀሙበትን ጥሩ። አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነው፣ አንድ እጁን እንደልቡ የማያዝ፣ አንድ እናት ወይም አባት፣ ዕድሜያቸው የገፋ። የምታውቁት ሰው ከሌለ በዓይነ ስውራንና መስማት በተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበራት በኩል ጠይቁ፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለውና ተማሪዎችን መጠየቅ ይቻላል። የትራንስፖርትና የጊዜያቸውን ክፈሉ። ይህ ምክር መጠየቅ ነው፣ አማካሪ ደግሞ በነጻ አይሠራም።

ሥራ ስጧቸው፦ «የመስከረም ክፍያዎን ይክፈሉ»። ከዚያ ዝም በሉ። በጣም የሚከብደው ይህ ነው። ሰውየው ሲቸገር እጃችሁ ወደ ስልኩ ይሄዳል፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ እኔ ልንካልዎት» ትላላችሁ። አትንኩ። የተቸገረበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። የምልክት ቋንቋ ለሚጠቀም ሰው አስተርጓሚ ይኑር፤ የምታናግሩት ግን ሰውየውን ነው፣ አስተርጓሚዋን አይደለም።

9. ውሉ ላይ ጻፉት

አዲስ ድረ ገጽ ወይም አፕ የምታሠሩ ከሆነ ጨረታው ላይ «ዊካግ 2.2 ደረጃ ደብል ኤ» የሚል ይግባ። በዚህ ብቻ አትተዉት፤ ሁሉም «አዎ» ብሎ ይፈርማል። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው አንድ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በቶክባክ ምዝገባውን ወይም ክፍያውን ያለ ረዳት ከጨረሰ በኋላ ነው ተብሎ ይጻፍ። ከእናንተም በኩል አንድ ሰው በስሙ ኃላፊ ይሁን። ኃላፊው ሲቀየር ርክክቡ ላይ ይህም ይጻፍ፣ አለዚያ አዲሱ ልጅ በመጣ ሳምንት ፎቶ መለጠፍ ይጀምራል።

ገጹ ላይ «እዚህ የተቸገሩበት ነገር ካለ ይጻፉልን» የሚል አድራሻ አኑሩ። ገና ያልተስተካከለውን በግልጽ ዘርዝሩ፣ እስከዚያው በምን መንገድ እንደምታገለግሉም ጻፉ፦ በስልክ፣ በቴሌግራም፣ ወይም ቤት ድረስ በሚሄድ ሰው። አፑ በታደሰ ቁጥር ደግሞ ኃላፊው ቶክባክን አብርቶ ምዝገባውን አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለፈው። የተስተካከለ ቁልፍ በሚቀጥለው ቅጂ ስሙን አጥቶ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው።